አብራር የመረጠው ቡፌ

ሐፍሳ፣

ዛሬ ጠዋት ቁርሴን በላሁ፣ ሳህኔን አጠብኩ፣ ከዚያ ለዕቃ ጫኞቹ በሩን ከፈትኩላቸው።

ያንን የድሮ የአሜሪካ ቡፌ ባለቤቴ አብራር፣ አላህ ይማረውና፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር የመረጠው የእንጨቱን መልክ ወዶ ነው። እኔ ሥራ ውዬ አብረን ወደተከራየነው ቤት ስመጣ ነጭ ቀለም ቀብተሽው አገኘሁት።

«እቴ፣ ለጋብቻ ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሽማግሌዎች ይህን አሮጌ ዕቃ አይተው ምን ይሉኛል? ደግሞ አሳመርኩልሽ እኮ!» አልሽኝ።

ቡና አፍልቼ ስሰጥሽ ይቅር ያልኩሽ መሰለሽ።

ቀለሙን የሚያስለቅቅ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ አግኝቻለሁ። አብራር በጨርቅ እያሸ ያወጣው ወዝ ግን አይመለስም።

ቡፌው ውስጥ የነበሩት ብርጭቆዎችሽ ምንጣፉ ላይ ናቸው፤ ስትገቢ እንዳትረግጫቸው።

እናትሽን ይቅርታ በይልኝ፤ እሳቸው አላስቀየሙኝም።

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ማታ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ቀኑን የመረጥኩት ለዚያ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ አሁን ቡፌው የለም። የሚቀመጡባቸው ወንበሮችም የሉም።

ሰጂዳ