የወርቁ ሰውዬ ፓምፕ ተገኘ፣ አባዬ

አባዬ፣

ዛሬ ዝም ብለህ ስማኝ፤ ቶሎ ቶሎ ነው የማወራው። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልጻፍኩልህም፤ የምነግርህ ደስ የሚል ነገር አልነበረኝማ! አሁን ግን አለኝ። ያ የወርቁ ሰውዬ ፓምፕ ተገኘ!

በፊት ግን የቤቱን ልንገርህ፣ ካልነገርኩህ ትቆጣለህ። እማዬ ሙት ዓመትህ እንደወጣ ጥቁሯን አውልቃለች። እንቢ ብላ ነበር፤ አንተ ጥቁር እንደማትወድላት ሳስታውሳት ነው የተሸነፈችው። የአማኑኤሉ ቤታችን ጣሪያ ተቀይሯል፤ ዘንድሮ ክረምቱን ባልዲ ሳንደቅን አሳለፍነው። የፓምፕ ሱቅህን እኔ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ገዢ ሁሉ ባለቤቱን ፍለጋ ከኋላዬ ሲያማትር፣ ብሎን ሻጩ ጎረቤትህ ጋሽ ሸምሱ ከብሎናቸው መሀል ብድግ ብለው ባለቤቷ ፊትህ ቆማ የለም ወይ፣ ዓይንህን ግለጥ እያሉ ያሳፍሩልኝ ነበር። እኔን መተረቡን ግን አልተዉም።

በርሜልህም ደጃፉ ላይ እንዳለ አለ። መቼም በመርካቶ ፓምፕ በርሜል ሲሞላ ሳያሳይ የማይሸጥ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ። ሌላው ካርቶኑን አስታቅፎ ሲሸኝ፣ አንተ ሰዓትህን ፈትተህ ለገዢው ታስይዘውና ሞተሩን ታስነሳለህ፤ ቀድሞ የሞላው ፓምፕ ያሸንፋል። ገበሬው መርቆህ ይሄዳል። እኔም ፓምፕ መምረጥ ማለት ይኸው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የወርቁ ሰውዬ፣ ጋሽ ኢድሪስ፣ ከአሶሳ ወዲያ ድረስ የመጡ ጊዜም ያደረግከው ይህንኑ ነው። ስድስት ሆነው ፈቃድ አውጥተው፣ ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ከሥሩ ጠጠር ከነወርቁ የሚያወጣ ትንሽ የወርቅ መምጠጫ ማሽን አሠርተው፣ የቀራቸው ፓምፕ ብቻ ነበር። አንተ አፈ ሰፊውን፣ በርሜሉን ከሁሉ ቀድሞ የሞላውን መረጥክላቸው። ወንዙ ላይ ሲደርስ ግን ውሃው እንደ ጉድ ይፈሳል እንጂ ጠጠሩ ንቅንቅ አላለም። አንድ በጋ ሙሉ ባከነባቸው። ልመልስልዎት ብትላቸው እንኳ፣ ግድ የለም፣ ወንድሜ ሽንኩርት ያጠጣበታል አሉህ። እንደዚያ ጨዋ መሆናቸው ነው ይበልጥ ያንገበገበህ። አልጋ ላይ ሆነህ ስለ መድኃኒትህ ሳይሆን፣ ያ የወርቅ ሰውዬ ሌላ ፓምፕ አገኘ ይሆን እያልክ ነበር የምትጠይቀኝ። ስሜ እዚያ ወንዝ ላይ ቀረ ያልከኝ ቀን ፊቴን አዙሬ አልቅሻለሁ፣ አባዬ።

እና ባለፈው ወር ጋሽ ኢድሪስ ራሳቸው ደጃፌ ላይ ብቅ አይሉ መሰለህ! አንተን ፍለጋ። መርዶህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በርሜልህ አጠገብ ቁጭ አሉ። ከዚያ የማሽናቸውን የብረት ቱቦ ከማዳበሪያ ከረጢት አወጡና፣ እሳቸው እንዲያዩልኝ ነበር ያመጣሁት አሉኝ። ሦስት ቀን ይስጡኝና ይተዉልኝ አልኳቸው። ምን እንዳስደፈረኝ እንጃ!

ቱቦውን ሳገላብጥ ዋልኩ። ለካ ፓምፑ ራሱ ጠጠር አይመጥጥም! ንጹሕ ውሃ በቀጭን አፍንጫ በኩል ወደ ቱቦው ይተኩሳል፤ ያ የሚወነጨፍ ውሃ ነው ጠጠሩን ከነወርቁ ጎትቶ የሚያወጣው። ይህን ሳይ ምን ትዝ አለኝ? እሑድ እሑድ ግቢ ስታጥብ። ቧንቧችን ደካማ ነበር። አንተ የጎማውን አፍ በአውራ ጣትህ ግማሹን ትደፍነውና አጥር ላይ የተንጠለጠልኩትን እኔን በውሃው ታገኘኛለህ። ውሃው ያው ያቺው ውሃ ናት፤ ጉልበት የሰጣት ጣትህ ነው። እኔ እጮኻለሁ፣ እማዬ ትቆጣለች፣ አንተ በሳቅ ትሞታለህ። ወይ አባዬ! ጣትህ ያውቀው የነበረውን በርሜልህ ሸፈነብህ። ለዚህ ማሽን የውሃ ብዛት ምን ያደርጋል? ግፊት ነው የሚፈልገው፤ አፈ ሰፊው ፓምፕ ደግሞ አፍንጫው ሲጠብበት ይደክማል።

ያቺን ትንሿን ባለ ሁለት ኢንች ፓምፕ ታስታውሳታለህ? ውሃ ሽቅብ ትገፋለችና ለፎቅ ቤት ትሆናለች ብለህ ያመጣሃት፣ በርሜል ስትሞላ ሁሌ መጨረሻ ስለምትወጣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ስትጠጣ የኖረችው? እሷን አወረድኳት።

በሦስተኛው ቀን፣ ጋሽ ኢድሪስ ሲመለሱ፣ ከአንድ ሕንፃ ሥራ ጠጠር አስመጥቼ በርሜልህ ውስጥ ገለበጥኩት፣ ውሃም ሞላሁበት፣ የቱቦውንም ጫፍ ነከርኩበት። ጋሽ ሸምሱ ፓምፑ ንጹሕ ውሃ የሚስብበት ታንከራቸውን አዋሱኝ። መርካቶ መቼም ነገር ይወዳል፤ ሰው ግጥም አለ። መጀመሪያ የዚያኑ ዓይነት አፈ ሰፊ ፓምፕ አስነሳሁ፤ ድፍርስ ውሃ ብቻ። ሳቁብኝ። ከዚያ የትንሿን ገመድ ሳብኩ፤ ዝም። ደግሜ ሳብኩ፤ ዝም! ጋሽ ሸምሱ ቀስቅሺያት እንጂ አታባብያት ብለው ሕዝቡን አሳቁብኝ። በሦስተኛው ተነሳች። ኧረ አባዬ፣ ምነው ባየህ! ጠጠሩ በቱቦው ተምዘግዝጎ ፊት ለፊቱ ባቆምኩት ቆርቆሮ ላይ ኳ! ኳ! ኳ! ወደ ሸማ ተራ ጋቢ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ሸክሙን እንደያዘ ፈዞ ቀረና እስከ ጉልበቱ ራሰ። ጋሽ ሸምሱም መነጽራቸው ድረስ ጭቃ ሆኑ፤ ግን የጮኹት በደስታ ነው። እኔማ መንገድ መሀል እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ጋሽ ኢድሪስ የሞቀውን ሞተር ዳበስ እያደረጉ ማን መረጣት ሲሉኝ፣ አባቴ ነው አልኳቸው። ዋሸሁ እንዴ? አልዋሸሁም።

በርሜልህን አጥቤ ቦታው መልሼዋለሁ። ለገበሬው አሁንም እሞላለታለሁ፣ ያንተን ሰዓት እያስያዝኩ። ግን ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ውሃው ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ግፊት ለሚፈልገው ደግሞ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቴ ይዤ አሳየዋለሁ። እስካለሁ ድረስ እንደዚያ አደርጋለሁ። ጣቴ ውሃው ላይ ባረፈ ቁጥር አንተን አስባለሁ።

ትናንት ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ። ትንሿን ይዘው የሄዱት ጋሽ ኢድሪስ ናቸው፣ ከወንዙ ዳር። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ስልኩን ማሽኑ አጠገብ አስጠጉት፤ ኳ ኳ ኳ ይላል። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። በመጨረሻ አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፤ ለአባትሽ ንገሪያቸው አሉኝ።

ይኸው፣ ነገርኩህ።

ልጅህ ሰኒ