የሩሜላ ሕግ

ናዝሬት፥ ጥቅምት ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ውድ የእናቴ ልጅ፥

ለሞተው ባሌም ሆነ ለንስሐ አባቴ ያልነገርሁትን ላንቺ ልጽፍ ነው። ሊወስዱሽ የመጡ ዕለት ጎተራው ውስጥ ነበርሁ።

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ፥ ዓይንሽ፥ ልጆችሽስ? እኔ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ብቻዬን እኖራለሁ። ፊደል የለየሁት ያለ አስተማሪ ነውና ቢንጋደድ እለፊው።

ከትናንት ወዲያ ጨው ነጋዴው አብዱልጀባር ውሃ ያጠጡኝ አለኝ። ቅሉን ስዘረጋለት እየሳቀ፥ ኡሉሜ! አለ። እኔም ሳላስበው፥ ታሊን ብዬ መለስሁ። ቅሉ ከእጄ ወደቀ። ሰውየው አፍጥጦ አየኝና፥ እትዬ፥ እርስዎም የዚያች ደሴት ሰው ነዎት እንዴ? እኔ እኮ ዝዋይ ያለችው ሴትዮ ያበደች መስላኝ ነበር! አለኝ።

ሩሜላን እኮ የፈጠርናት እኛ ነን፤ በአጎታችን ቤት፥ አንድ ቁርበት ላይ ተኝተን፥ ባሕር አይተን ሳናውቅ። እንግዳው ኡሉሜ ይላል፥ ውሃ ተሻግሬ መጣሁ ማለት ነው። ባለቤቱ ታሊን ይለዋል፥ እግርህ ይድረቅ። ቄሶቻቸው አሮጊቶች ናቸው፤ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይጸልያሉ። ንጉሣቸው ሕዝቡን ጥሎ እንዳይሸሽ ዋና ከማይችሉት ይመረጣል። በዚህ ስትስቂ ሽንትሽ ያመልጥሽ ነበር።

አጎታችን ለገረድነት ሊሰጥ የተስማማው እኔን ነበር። እኔ ጎተራ ገባሁ፤ አንቺን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በሕይወት መኖርሽን አላውቅም ነበር።

አብዱልጀባር ቁጭ ብሎ አወራኝ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቤት አለሽ አሉ። ልጆችሽ ሩሜልኛ ያወራሉ፤ ሲመሽ ሐይቁ ገብተው ይጸልያሉ። አሁን ልጅሽ ደራርቱ ልትዳር ነው። የወንዱ ሽማግሌዎች የእናቷን ዘር ቁጠሩልን ቢሉ፥ አገሬ ሩሜላ ነው ብለሽ ድርቅ አልሽ። ኢተፋ የሚባሉት ሽማግሌማ፥ እንግዲያው ጥሎሹን በጀልባ እንላከዋ! ብለው አሾፉብሽ አሉ። ዘርሽን የሚያውቅ ምስክር ካልመጣ ሠርጉ ይቀራል።

ሊሄድ ሲነሣ አንድ የሩሜላ ሕግ ነገረኝ። እኛ አብረን ያላወጣነው ሕግ ነው። በሩሜላ፥ የተደበቀ ሰው ያየ ፊቱን ያዞራል፤ ፈላጊዎቹ ሲመጡም፥ የምትፈልጉት እኔን ነው ይላቸዋል። እንዴት ያለ የሞኝ አገር ነው፥ እትዬ! ብሎ ሳቀ።

ለካ ያን ዕለት ጎተራው ውስጥ አይተሽኝ ኖሯል። የወደቀውን ቅል እስካሁን አላነሣሁትም።

እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ የአባታችንን ዘር እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፤ ለምን እንደ ተለያየን ቢጠይቁኝም እናገራለሁ። ሩሜላ ናት በይ ካልሽኝ ደግሞ፥ ሩሜላ ናት ብዬ እምላለሁ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። አንቺ ምረጪ።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ የልጅ ልጅ ለመሳም ያብቃሽ።

ታላቅ እህትሽ

አብዱልጀባር ይህን ወረቀት ለሽማግሌዎቹ እንዳያሳይ አስምዬዋለሁ። ከቤታችሁ ፊደል የምትለየው አንዷ ብቻ ናት ብሎኛል። ስለዚህ ተቀብላ፥ ቀድማሽ አንብባ፥ ላንቺ የምታነብልሽ ደራርቱ ናት፤ ሩሜላ የእኛ ፈጠራ መሆኗንም ካንቺ ሳይሆን ከእኔ ትሰማለች።