በአንዲት ጭረት የተነጠቅነው የኪልድሪኑ በረኛ፣ ፊንታን ሄሃር

አቶ ፊንታን ሄሃር ከአባታቸው ከአቶ ጃርላት ሄሃርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦኖራ ኩዊን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1888 በአየርላንድ፣ በክሌር አውራጃ፣ በኪልድሪን አጥቢያ ተወለዱ። ይህ ጽሑፍ ዛሬ መነበቡን እስካሁን ያላመንን ብዙዎች ነን። ሰውዬውን ባለፈው ሳምንት በሥራ ልብሳቸው ያላያቸው ማን አለ?

በአጥቢያው ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ። የትምህርት ቤቱን መስኮት በሩር፣ በትንሿ ጠንካራ ኳስ፣ እየለጉ ደጋግመው ሰብረዋል ይባላል፤ እሳቸው የሚያምኑት ግን አንዱን ብቻ ነበር። ትምህርቱን ሲጨርሱ ከአባታቸው ጋር የጋሪ መንኮራኩር ይሠሩ ጀመር።

በ1906 ሩር በዱላ በሚለጋበት በሀርሊንግ ጨዋታ ለኪልድሪን ቡድን በረኛ ሆነው ተሰለፉ። ሩሯ እንደ ጥይት ስትመጣ እንኳ ዓይናቸውን አይጨፍኑም ነበር። የጎረቤት አጥቢያ ሰዎች ከሜዳው ዳር ቆመው፣ «ምናለ ይሄን ግድግዳ እቤቱ ቢተዉት» እያሉ ይበሽቁባቸው ነበር።

በ1910 በልምምድ ላይ ሩሯን ከጎሉ አፍ ለማራቅ ዱላቸውን በሙሉ ኃይላቸው ሲሰነዝሩ፣ ታናሽ ወንድማቸው ኮልማን ሩሯን ለማንሳት ጎንበስ ብለው ኖሮ ዱላው ፊታቸው ላይ አረፈ። የኮልማን ግራ ዓይን ጠፋ። አቶ ፊንታን የዚያን ዕለት ዱላቸውን እሳት ውስጥ ከተቱ፤ ከዚያ ወዲያ በሜዳው በኩል እንኳ ማለፍ ተዉ። ማዕድ ላይ የወንድማቸውን ፊት ቀና ብለው አያዩም ነበር።

በ1912 ጸደይ ኮልማን ራሳቸው የጠረቡትን አዲስ ዱላ ይዘው ወደ ሥራ ቤቱ ገቡና ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«የቀረችኝ ዓይን ያንተን ጨዋታ ካላየች ምን ልታይ ነው?» አሏቸው።

«እጄ ይፈራል፣ ኮልማን።»

«ይፍራ። እየፈራህ ግባ። እኔ ከጎሉ ኋላ እቆማለሁ።»

ገቡ። ኮልማንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎሉ ኋላ ጠፍተው አያውቁም። በ1914 ኪልድሪን የአውራጃውን ዋንጫ ስትወስድ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የመጣችውን ሩር አቶ ፊንታን በባዶ መዳፋቸው ቀለቧት። ሕዝቡ በትከሻው ሊያነሳቸው ሲሻማ፣ «መጀመሪያ እሱን!» ብለው ወንድማቸውን ጎትተው አወጡ።

በ1915 ልብስ ሰፊዋን ወይዘሮ ዴልያ ማክማሆንን አግብተው አትራክታንና ሴነንን ወለዱ። የነጻነት ጦርነቱ ዓመታት መጥተው ሜዳው ሲዘጋ፣ ወታደሮች ቤታቸውን ሲፈትሹና ጥይት ጣሪያቸውን ሲበሳ፣ አንዲት ጠብታ ደም ሳይፈሳቸው አለፉ። ለዚህ ነው ነገሩ ለአእምሯችን አልገባ ያለው።

በዚህ በ1925 ነሐሴ፣ በድል በተጠናቀቀ ጨዋታ ላይ ጎሉ አፍ ጭቃ ውስጥ ወድቀው መዳፋቸው ተጫረ። ወይዘሮ ዴልያ ሐኪም ዘንድ ሂድ ቢሏቸው፣ «ለዚች ጭረት? ሐኪሙ ይስቅብኛል» ብለው በመሐረብ አሰሯት። በሳምንቱ ሰኞ እራት ላይ ድንቹ አልታኘክ አላቸው። አፋቸውን አጣመው ሲታገሉ ልጆቹ ሳቁ፤ አባታቸው ፊታቸውን እያጣመሙ ማሳቅ ይወዱ ነበርና። ወይዘሮ ዴልያም አብረው ሳቁ። መንጋጋ ቆልፍ መሆኑን ሐኪሙ ማክሰኞ ተናገሩ። ሐሙስ ነሐሴ 20 ቀን ማለዳ፣ ኮልማን ከራስጌያቸው ቆመው ሳለ፣ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

ኮልማን እስከዚህች ሰዓት አላለቀሱም። ሊያጽናና ለሚመጣ ሁሉ፣ «አሸንፈን ነበር እኮ» ይላሉ።

አቶ ፊንታን እናታቸውን ወይዘሮ ኦኖራን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እኛ ልንሸኛቸው አልተዘጋጀንም፤ የጠራቸው ጌታ ግን ሊቀበላቸው ተዘጋጅቷልና ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ዴልያ፣ ያን ሳቅ ያለ ጸጸት የሚያስታውሱበትን ቀን ያምጣላቸው። አሜን።