ለማያውቋት ልጄ ስለጻፉላት የድጋፍ ደብዳቤ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ሐረር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ማኅተም እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጥሩወርቅ እንደሻው እባላለሁ፤ ፈላና በር አጠገብ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው የሥርጉት ኤልሳዕ እናት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ እንጂ እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባያስታውሱት አልቀየምም፤ ልጄ አዲስ አበባ ወደሚገኝና በየዓመቱ ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ መርጦ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ወደሚያስተምር ኮሌጅ ለመግባት አመልክታ ነበር። ኮሌጁ የጠየቀው የትምህርት ማስረጃዋንና በቅርብ የሚያውቃት መምህር የጻፈላትን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ለሦስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማሯት መምህርት ዋፊቃ ደስ ብሏቸው ጻፉላት። እርስዎ ግን ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ያልወጣ ደብዳቤ ትምህርት ቤቱን አይወክልም በማለት የመምህርቷን አስቀርተው፣ በራስዎ ፊርማ ሌላ ላኩላት። ሥራ በበዛበት ሰሞን ለማያውቋት ልጅ ይህን ያህል መድከምዎ በእውነት አስደንቆኛል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስጋቴን ባነሳም፣ ኮሌጆች የሚያዩት ውጤት ነው፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለወጉ ያህል ነው ብለው አረጋጉኝ፤ እኔም ተረጋግቼ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ምስጋና ብላቸው ሳይሻል አይቀርም፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ልጄን «በትምህርት ቤታችን ታሪክ አቻ ያልተገኘላት» ስላሏት አመሰግናለሁ። የኮሌጁ ሰዎች ከእኛ ትምህርት ቤት የሄዱትን ሰባት ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ሲያነቡ ሰባቱም ልጆች አቻ ያልተገኘላቸው ሆነው አግኝተዋቸዋል። በአንድ ዓመት ይህን ያህል አቻ የለሽ ማፍራታችን አኩርቶኛል። የጎረቤቴ ልጅ የሀሚድ ደብዳቤ ግን መሐሉ ላይ «እርሷም» ስለሚል፣ እናቱ እስካሁን ቅር እንዳላቸው በጎረቤትነት ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

፪. ሥርጉት «አንድም ቀን ከትምህርት ገበታዋ ቀርታ አታውቅም» ብለው ስለመሰከሩላትም አመሰግናለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች አባቷ ኤልሳዕ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ እኔ ስፌቱን ስይዝ እርሷ አባቷን ይዛ ብዙ ቀን ቀርታለች፤ ውጤቷም አሽቆልቁሏል፤ እርሱም አልተረፈልንም። መቅረቷም ውጤቷም ማስረጃዋ ላይ በቁጥር ሰፍሯል። ስለዚህ ኮሌጁ እጅ የገቡት፣ አንዱ ብዙ ቀን ቀርታለች፣ ሌላው ቀርታ አታውቅም የሚሉ፣ ሁለቱም የእርስዎ ማኅተም ያረፈባቸው ወረቀቶች ሆኑ።

ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። ፈረስ መጋላ ከሚገኝ ኢንተርኔት ቤት በቪዲዮ ስታነጋግራቸው፣ እኔ ካሜራው ከማያየኝ ጥግ ተቀምጬ ነበር። ስለ ፊዚክስ የጠየቋትን ሁሉ ሳትደናገጥ መለሰች። በመጨረሻ ከሁለቱ ወረቀቶች የትኛው እውነት እንደሆነ ጠየቋት። «መቅረቴ እውነት ነው፤ ደብዳቤውን የጻፉት ሰው አያውቁኝም» አለች። ለምን እንደቀረች አልጠየቋትም፤ እርሷም ስለ አባቷ ለእንግዳ ሰው መናገር አልሆነላትም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ማስረጃዎቿ እርስ በርስ ስለሚጋጩ ልንቀበላት አልቻልንም የሚል ጨዋ መልስ መጣ።

ቀጥሎ ያለው ምስጋናው የእርስዎ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። መምህርት ዋፊቃ ይህን ሲሰሙ፣ እርስዎ ያስቀሩባቸውን ደብዳቤ ራሳቸው ለኮሌጁ ላኩ፤ ቤታችን ድረስም መጥተው አነበቡልን። የልጅቱ ውጤት ለምን እንደወረደና እንዴት መልሳ እንዳነሳችው ዘርዝረዋል። በአባቷ ልቅሶ ሰሞን ለፈተና ስትመጣ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ነግረዋት፣ «ቤት ልቅሶ ነው፤ እዚህ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው ይሻለኛል» ብላቸው እንደተቀመጠችም ጽፈዋል። እናቷ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ልጄ አባቷን ከቀበርን ወዲህ ሰው ፊት ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ኮሌጁ ለመምህርቷ መለሰላቸው። ይህ ደብዳቤ በጊዜው ደርሶን ቢሆን ውሳኔያችን ሌላ ይሆን ነበር፣ አሁን ግን ቦታው ሞልቷል ይላል። የድጋፍ ደብዳቤ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ ማብራሪያ ካስፈለገዎት ይኸው ነው።

ስለ ሥርጉት አይጨነቁ፤ ልማድዎም አይደለም። ብሔራዊ ፈተናው አቻ አላት ወይ ብሎ ሳይጠይቅ አሳልፏት፣ መንግሥት ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ መድቧታል። መምህርቷ ከርሞም ለኮሌጁ አመልክቺ ቢሏት፣ አንድ ዓመት ቤት መቀመጥ አልፈለገችም፤ ልብሷን አስተካክላ ሄዳለች። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ደኅና ነኝ ትላለች፤ ድምጿን ስሰማው ግማሹን አምናታለሁ።

ለመጪዎቹ ተማሪዎች ግን አንዲት ልመና አለችኝ፤ ደብዳቤው ለወጉ ያህል ከሆነ ዘንዳ፣ ወጉን ልጆቹን ለሚያውቁት መምህራን ቢተዉላቸው።

እጅግ ላቅ ካለ አክብሮት፣ ከረጅም ዕድሜ ምኞትና በርዎ ላይ ቆሜ ከተማርኩት ትዕግሥት ጋር፣
ታዛዥዎ
ጥሩወርቅ እንደሻው

ማሳሰቢያ፦ ወደ ትምህርት ቢሮ ለሹመት መታጨትዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የወላጆች ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ፣ ስለ ሰው አክባሪነትዎና ስለ ቅርበትዎ የሚመሰክር ተዘጋጅቶ ያለቀ የድጋፍ ጽሑፍ ፈርሜ እንድመልስ ከቢሮዎ ደርሶኛል። ሳልፈርም መልሼዋለሁ። ባዶ እጅዎን እንዳይቀሩ ግን እኔው ራሴ ጽፌልዎታለሁ፤ የማውቀውን ብቻ ስለጻፍኩ አጭር ነው።