ሦስት እፍኝ ጨው

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ትንሹ ጥቁር ዓሣ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ዘሀራ በሻይ ማንኪያ አውጥታ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አስተኛችው። አላለቀሰችም። «ሳሙና ነው» አለች። «ትናንት ልብስ ሳጥብ ቆይቼ እጄን ሳላለቀልቅ ውሃቸው ውስጥ ነከርኩት። በገዛ እጄ ገደልኩት።»



ለሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። ቅዳሜ ዕለት ዙህር ስትሰግድ ጓዳ ገባሁ። የዓሦቹ የመስታወት ሳጥን ውሃ ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል። ከአሰብ ከመጣው የባሕር ውሃ የቀረው አንድ ጀሪካን ብቻ ስለሆነ እሱን መቆጠብ ፈለግኩ። ሃያ ዓመት ጨው የሸጥኩ ሰው ነኝ። የባሕር ውሃ ማለት ጨውና ውሃ ነው፣ ሁለቱም ቤቴ አለ ብዬ አሰብኩ። ከሱቅ ሦስት እፍኝ ጨው አምጥቼ በሁለት ጣሳ የቦኖ ውሃ በጠበጥኩና ሳጥኑ ውስጥ ገለበጥኩት። ጨዉም የአሰብ ነው፤ ምን ልዩነት አለው? በሥራዬ ኮርቼ ወጣሁ።

ዘሀራ ታናሽ እህቴ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት አሰብ ኖራለች። ወደብ ላይ ይሠራ የነበረው ባሏ ታኅሣሥ ላይ ሞተ። የሐዘን ወራቷን፣ ዒዳዋን፣ እዚያው ጨርሳ ግንቦት መግቢያ ላይ በጨው መኪና እኛ ዘንድ ሐይቅ ከተማ ገባች። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ፣ ባሏ የሠራው የመስታወት ሳጥን፣ አምስት ጀሪካን የባሕር ውሃ፣ ሦስት ዓሣ፣ መርጃን የሚሉት የባሕር ነገር የበቀለበት ድንጋይ፣ ደግሞ «የባሕር አበባ» የምትላት እንደ ጣት ብዙ ቅርንጫፍ ያላት ፍጥረት። ኬላ ላይ ጠባቂው ናፍጣ የደበቁ መስሎት አንዱን ጀሪካን ከፍቶ ቀመሰና ሾፌሩ እግር ሥር ተፋው። ይህን ስትነግረን ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዒዳው አልቋል፤ እሷ ግን ዛሬም ከጓዳ አትወጣም። ጎረቤት አትጠይቅም፤ ሱቁ በር ድረስ እንኳ መጥታ አታውቅም። ጠዋትና ማታ ውሃውን በጣሳ እየቀዳች፣ ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስሰዋለች። ዓሦቹ አየር እንዲያገኙ ነው አሉ።

ዛሬ ዓሣውን ከቀበረች በኋላ «እነዚህም ካለቁ እኔ እዚህ ምን አለኝ፣ አያ?» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

የባሕር አበባዋ ተጨብጣለች፤ የሕፃን ቡጢ ነው የምትመስለው። ሁለቱ ብርቱካናማ ዓሦች ጥግ ይዘው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። መርጃኑ ጫፍ ጫፉ ነጥቷል።

ኬሚስትሪ የሚያስተምረው መምህር ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መጣ። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ሁሉን ነገርኩት። ለማንም ያልተነፈስኩትን ለሱ መናገሬ ገረመኝ። ምናልባት ዘመድ ስላልሆነ ይሆናል።

«ጋሽ ይማም፣ ድስት ላይ ጨዋማ ወጥ ቢተን ጨዉ አብሮ ይሄዳል?»

«አይሄድም። ይብሳል እንጂ።»

«ታዲያ ምነው ጨመሩበት?»

ውሃው ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል። ዘሀራም ሳታውቀው ስታብሰው ነው የከረመችው፤ በጎደለ ቁጥር የባሕር ውሃ ትጨምርበታለች። አሰብ ሳለች ይህ ችግር አልነበረም፤ ግማሹን ደፍታ ከባሕሩ ትቀዳ ነበር። እዚህ ከመጣች ሰባት ሳምንት ሆናት፣ ጨዉ በጨው ላይ ሲደረብ። እኔ ደግሞ ሦስት እፍኝ።

ምን ያህል እንደበዛ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅኩት። መለኪያ መሣሪያ አለ፤ እኛ ትምህርት ቤት ግን የለም አለ። ባትሪ ድንጋዩን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ምሳ ስበላ ነገሩ መጣልኝ። ጨው የበዛበት ውሃ ይከብዳል፤ መለኪያ እኮ አለኝ፤ ስበላም ፊት ለፊቴ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ሱቁን ሳልከፍት ሠራሁት። ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ወስጄ ባዶአቸውን የሱቁ ሚዛን ሁለት ጎን ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ ቀለል ስላለ ጠጠር ጨምሬ አስተካከልኩ። ከዚያ አንዱን ካልተነካው የአሰብ ውሃ፣ ሌላውን ከሳጥኑ ውሃ፣ ሁለቱንም እስከ አፋቸው ሞላሁ።

የሳጥኑ ወረደ። በአሰቡ በኩል የሃምሳ ግራሙን ድንጋይ ሳስቀምጥ ተካከሉ።

ሃምሳ ግራም በርበሬ ቢሆን ማንም አይከራከረኝም ነበር። ይኸኛው ግን ሕይወት አጥፍቷል።

ባለቤቴ ሉባባ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። «ውሃ ልትሸጥ ነው?» አለች። ነገርኳት። «ለሷ ንገራት» አለች። መጀመሪያ ላስተካክለውና ነው አልኩ። «እሷ እኮ እጇን ስታሽ ነው የምትውለው» ብላ ጥላኝ ገባች።

ከሰዓት ዘሀራ ጠራችኝ። በመጪው ረቡዕ የጨው መኪናው ወደ አሰብ ሲመለስ እንዲወስዳት ለሾፌሩ እንድነግርላት፣ ከቀበሌም የይለፍ ወረቀት እንዳወጣላት ለመነችኝ። የባሏ እህት ዘንድ አንዲት ክፍል አለች አለችኝ። ያቺን ክፍል አውቃታለሁ። መስኮት የላትም፤ የባሏ እህትም ደህና አድርጋ አታናግራትም።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ጨው የሌለው ውሃ ያስፈልገናል። የቀረው የአሰብ ውሃ ብቻውን አይበቃም። የራሱ ጨው አለው፤ ትንሽ ያቀለዋል እንጂ አያወጣንም። ከጁምዓ መልስ አማራጮቹን በሐሳቤ ደረደርኳቸው፦

የሐይቁ ውሃ። ቅርብ ነው፤ ዓሣ ይኖርበታል።

የቦኖ ውሃ። በእጃችን ነው። ግን ማንቆርቆሪያችን ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተለብጧል።

የዝናብ ውሃ። ሰማዩ ባዶ ነው።

የመኪና ባትሪ ውሃ፣ ደሴ ጋራዥ። የተጣራ ነው፤ ግን ጠርሙሱ ቀድሞ አሲድ ይዞ እንደሆነ ማን ያውቃል?

የማንቆርቆሪያ እንፋሎት በክዳን እያጠራቀምኩ ሞከርኩ። ግማሽ ቀን ከሰል አንድጄ ያገኘሁት አንድ ብርጭቆ አልሞላም። ሉባባ ይህን አይታ የቀረውን ከሰል ከፊቴ አነሳች።

ከሐይቁ አንድ ጣሳ አስመጣሁ። አሁን ግን ተምሬያለሁ፤ እህል ስገዛ ናሙና ሳላይ እንደማልገዛው፣ ይኸንንም በብርጭቆ ጀመርኩ። ግማሽ የሐይቅ፣ ግማሽ የባሕር። ሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ዕለትም እንዲህ ባደርግ ኖሮ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ብርጭቆው ሥር ነጭ ዱቄት ተኝቷል። መምህሩ አየና የሐይቁ ውሃ ሶዳ አለው፣ የባሕሩን ኖራ ያስጥለዋል አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ ቢገባ ኖሮ መርጃኑ ላይ ያ ሁሉ ዱቄት ይወርድ ነበር። ይኸ እንደ ድል ከተቆጠረ አንድ ድል አለኝ። የቦኖውንም ተውኩት፤ የማንቆርቆሪያውን ቅርፊት አይቻለሁ።

ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀቱን አወጣሁ። ጸሐፊው «ምክንያት?» አለኝ። ወደ ቤቷ ልትመለስ አልኩ። ጻፈው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ።

ዳመናው ከአምባሰል በኩል ተነስቶ ይመጣና ጋራው ላይ ይበተናል። ገበሬውም እንደኔ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚውለው፤ የሱ ለዘር ነው። እኔ ለሁለት ዓሣ ዝናብ ስለምን ራሴን ታዘብኩት።

እሑድ፣ ሰኔ 22

የቀበሌ ስብሰባ ላይ እያለን ዘነበ። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ይናገራል፤ እኔ የቆርቆሮውን ድምፅ እየሰማሁ ጣሪያዬ ስንት ጀሪካን እንደሚሰጥ አስባለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ «ምነው ይማም፣ ዘር ዘርተሃል እንዴ?» አለኝ።

ቤት ስደርስ ሉባባ በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር አድርጋ ጠበቀችኝ። የመጀመሪያውን ደፋነው፤ የጣሪያው አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት ነው። ሁለተኛው በርሜል ጠራ። በነጭ ጨርቅ አጠለልኩት። ቀመስኩት። ምንም ጣዕም የለውም፤ የፈለግኩትም ይህንኑ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

መምህሩ በአንድ ጊዜ እንዳልለውጠው አስጠነቀቀኝ። ጨዉ በድንገት ከቀነሰ ያም ይገድላቸዋል። ስለዚህ በየሰዓቱ አንድ ጣሳ ከሳጥኑ ማውጣት፣ አንድ ጣሳ ዝናብ መጨመር። ሱቁን ለሉባባ ትቼ ጓዳ ዋልኩ።

ዘሀራ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች። «የባሕር ውሃ ደፍተህ የሰማይ ውሃ ትጨምራለህ? ጨው አንሶት እንደሆነስ?»

«አላነሰውም። በዝቶበት ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«መዘንኩት።»

እጇን አየች። ሳምንቱን ሙሉ እንደምታየው፣ መዳፏን ገልብጣ። ያን ጊዜ አልቻልኩም። ጣሳውን አስቀምጬ ነገርኳት። ቅዳሜ፣ ዙህር፣ ሦስት እፍኝ፣ ሁለት ጣሳ ውሃ። አላሳነስኩትም። ሳሙናው አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳት። የይለፍ ወረቀቱንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ወረቀቱን ደብቄ ላስቀራት እንደማልፈልግ እንድታውቅ።

ወረቀቱን አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ጣሳውን ከፊቴ አነሳችና «ውጣ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

አላናገረችኝም። ጓዳው ተዘግቷል። በየሰዓቱ የጣሳ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ይወጣል፣ አንድ ይገባል። ሉባባ ምሳ አስገብታላት ስትወጣ «አበባዋ አንድ ጣቷን አውጥታለች» አለች። ዓሦቹስ? «አሉ።» ዘሀራስ? «እሷም አለች።»

ነገ መኪናው ያልፋል። ዛሬ ብዙ ሰው መጥቶ ብዙ ጨው ሸጥኩ። በመዘንኩ ቁጥር እጄ ይከብደኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

የገበያ ቀን ይመስል ሱቁ ሞልቷል። ከአምባሰል የወረዱ ሦስት ሽማግሌዎች ጨው እያስመዘኑ ሳለ ከውጭ የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። እኔ ወደ ጓዳው በር አየሁ።

ዘሀራ ወጣች። ሻንጣ አልያዘችም። በሁለት እጇ ሁለቱን ጀሪካኖች፣ አንዱን በአሰብ ውሃ፣ ሌላውን በሳጥኑ ውሃ ሞልታ አንጠልጥላ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ በሰዎቹ መሀል አልፋ ሚዛኑ ጋ ደረሰች። የሽማግሌውን ጨው ራሷ አውርዳ አስቀመጠች።

«ምነው ልጄ፣ ተራ አይጠበቅም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ፤ የኔ አይቆይም። ይኸ ሰውዬ ያልመዘነውን የሚጨምር ነው፤ እኔ ራሴ ልየው ብዬ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። አንዱ «ይማም ውሃም በኪሎ ጀመረ?» አለ። እኔ እንደ ልማዴ ሚዛኑን ላረጋጋ እጄን ዘረጋሁ።

«እጅህን አንሳ፣ አያ።»

አነሳሁ። ሚዛኑ ተወዛወዘ፤ ሽማግሌዎቹም ጎንበስ ብለው ያያሉ። የሃምሳ ግራሙ ድንጋይ ባይኖርም ሁለቱ ትይዩ ቆሙ። ለእኔ የተካከሉ መሰለኝ። አንደኛው ሽማግሌም «ልክ ነው» አሉ።

ዘሀራ ዓይኗን ወደ ሚዛኑ ምላስ፣ ወደ መርፌው፣ አስጠግታ ቆየች። «ልክ አይደለም። የአንድ ፀጉር ያህል ቀርቶታል።»

ሾፌሩ ከውጭ ተጣራ። ወደ በሩ ሄደች፤ ደጃፉ ላይ በፀሐይ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አልሄድም። ስትመለስ ስድስት ጀሪካን አምጣልኝ፤ ከወደቡ አይደለም፣ ዘይት አለው፤ ራቅ ካለው» አለችው። መኪናው ሄደ።

ይቅር ብላኝ እንደሆነ አላውቅም። ጀሪካኖቿን አንስታ ስታልፍ አላየችኝም። የጓዳው በር ላይ ስትደርስ ግን፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ ሚዛኑ ላይ ምንም እንዳታስቀምጥ» አለች።

ሽማግሌው ጨዋቸውን መልሰው ሚዛኑ ላይ ሲያደርጉ ደርበው «ለኔም እጅህን አንሳ» አሉኝ።