የ11ኛ ሐ ጭብጨባ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

«መ/ር ናትናኤል በራሳቸው ጥረት ባዘጋጁት የሠርቶ ማሳያ ትምህርት የ11ኛ ሐ ተማሪዎች ያሳዩት ብቃት እንግዶቻችንን እጅግ አስደስቷል። በመሆኑም መ/ር ናትናኤል በሻሸመኔ በሚካሄደው የእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና ላይ በአሠልጣኝነት ት/ቤታችንን እንዲወክሉ ተመርጠዋል።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ተማሪ እያየኝ። በራሳቸው ጥረት!

11ኛ ሐ የማን ክፍል ነው? የእኔ። ናትናኤል የሚያስተምረው ዘጠነኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሐሙስ የሥልጠናው አዘጋጆች አሠልጣኝ ሊመርጡ ሲመጡ እኔ ቢሾፍቱ የአክስቴ ቀብር ላይ ነበርኩ። ፈቃድ ጠይቄ፣ ፈርሜ። እኔ አፈር ሳለብስ እነሱ ክፍሌን አበደሩ።

ልማዱን ታውቀዋለህ፣ ማስታወሻዬ፤ ስንት ጊዜ አማርሬብሃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ጎበዙ ክፍል ይመረጣል። የተማሩት ነገር እንደ አዲስ ይሰጣቸዋል። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን እንዲያወጣ ይመከራል። እንግዳው እጅ በእጅ የሆነ ክፍል ያያል፤ መምህሩ ቀኝ ቀኙን እየመረጠ ይጠራል። እኔ ይህን ቲያትር አልሠራም ብያለሁ፤ በስብሰባም ተናግሬያለሁ። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ እኔን የሚጠራ የለም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሥልጠና እንድሰጥ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ደግሞ እኔ ሳልጠራ ክፍሌ ተጠራ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከሰዓት

የመምህራን ማረፊያ። ናትናኤል ለስላሳ ጋብዟል። ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ በጠርሙስ። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ተተኩሷል። ሁሉም ይጨብጠዋል። እኔም ጨበጥኩት፤ ምን ላድርግ። የሒሳቡ መምህር እንደ ልማዱ ነካኝ። «ጋሼ፣ አይዘኑ። ሻሸመኔ ብርድ ነው፣ ለጉልበትዎ አይሆንም።» ሳቅ። ናትናኤል አልሳቀም። ባይስቅም አናደደኝ፤ ሊያዝንልኝ እሱ ማን ነው?

አምስተኛ ክ/ጊዜ ካለቀ በኋላ ሃዊን አስቀረኋት። ከመልካሳ በሚኒባስ የምትመላለስ ልጅ ናት፣ የክፍሉ አለቃ፣ አትዋሽም። ሐሙስ ምን ተማራችሁ? አልኳት። ጥንድ ስሞችን፣ አለች። የኔን ትምህርት! ከጥቅምት ጀምሮ የለፋሁበትን።

ለአንተም ልንገርህ፣ እንድትፈርድ። እንግሊዝኛ አንድን መስተዋድድ መሀል አድርጎ ሁለት ስም ያጣምራል፦ ፌስ ቱ ፌስ፣ ደይ ባይ ደይ፣ ሃንድ ኢን ሃንድ፣ ፍሮም ዶር ቱ ዶር። በር ብቻውን ሲሆን «ዘ ዶር» ወይም «ኤ ዶር» ካልተባለ የሚቆጣ ቋንቋ፣ በሮቹ ሲጣመሩ ሁለቱንም ይጥላል። ብዙ ቁጥርም አይጠይቅም። የመንደሩ በር ሁሉ ቢንኳኳም ያው ዶር ቱ ዶር ነው። ተማሪዎቼ ግን በየቦታው «ዘ» ይለጥፉ ነበር። ደንቡን ነገርኳቸው፣ አልገባቸውም። አንድ ቀን ፖስታ ቤቱ አጠገብ ሁለት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ሲባባሉ አየሁ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ ስም ብቻውን መንገድ ሲወጣ «ዘ» የሚባል ባርኔጣ ያደርጋል፣ ጓደኛውን ሲያገኝ ሁለቱም ያወልቃሉ፣ አልኳቸው። ገባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሳሳት የለም። በየትኛውም መጽሐፍ የለም ይህ። ከዚህ ራስ የወጣ ነው።

ሃዊ እንደነገረችኝ፣ ሐሙስ ናትናኤል ጥንዶቹን ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ለምን «ዘ» የለም? ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ፦ «ባርኔጣቸውን አውልቀው!»

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ተነሥተው አጨበጨቡ። አንዷ ጻፈችው። እንዲህ ያለ ድንቅ ነገር ከየት አመጣኸው? አሉት።

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም ቲቸር። ፈገግ ብሎ... ትንሽ ቀላ።»

ቀላ! ለኔ ጭብጨባ እሱ ቀላ።

እዚህ ላይ ብታበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃችም። ከዚያ በኋላ ጥንድ ጥንድ አድርጎ አቆማቸው። የእናንተን ቋንቋ አምጡ አላቸው። ፊት ለፊት፣ ጎን ለጎን፣ ቤት ለቤት፤ በኦሮምኛም እያመጡ፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው በእንግሊዝኛ እየመለሰ። ቢንያም እንኳ ሁለቴ ተናገረ፣ አለች።

ቢንያም የኋላ ወንበር ልጅ ነው። በኔ ክፍል ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ፊት ለፊት። ጎን ለጎን። ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። በአፌ ስጠራቸው የኖርኩ ቃላት! እኛም ስናጣምር ምንም አንጨምርባቸውም። እንዴት አልመጣልኝም? እንግሊዝኛ ክ/ጊዜ ውስጥ አማርኛ አይነገርም ስል ኖሬ ነው። ያ ልጅ ግን በአንድ ክ/ጊዜ፣ በተበደረ ክፍል፣ አገኘው። ሰረቀኝ ብዬ ልናደድ እችላለሁ፣ ተናድጃለሁም። በለጠኝ የሚለው ግን ሌላ ነው። እሱ እዚህ፣ ጎድኔ ሥር ነው የሚወጋኝ።

ከሥራ መውጫ ላይ በሩ ጋ ያዝኩት። ባጃጅ እየጠበቀ ነበር። ባርኔጣው የማን ነው? አልኩት። አላስመሰለም።

«የእርስዎ ነው ጋሼ። ልጆቹ ሲጮሁ እኔም ነው የደነገጥኩት። ልናገር ስል አጨበጨቡ። ጭብጨባ ያስቆማል ሰው?»

«ያስቆማል። እጅህን ታነሣለህ፣ የኔ አይደለም ትላለህ።»

«ማስታወቂያውን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ለስላሳውንስ ማን ጋበዘ?»

ቀጥሎ ያለው ገደለኝ። ሻሸመኔ ላይ ስምዎን እጠራለሁ፣ አለ። ስሜን ሊጠራልኝ! እንደ ሟች መታሰቢያ። ባጃጁ መጣ፤ ጋሼ ይግቡ፣ ላድርስዎት፣ አለኝ። በእግሬ ሄድኩ። ሙቀቱ አይጣል፤ ከነኮቴ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ስድስት ሰዓት

ወ/ሮ ሰናይት ቢሮ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ናት፣ ማስታወቂያውም የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ብስኩት አቀረበችልኝ። ሰው ስትበድል ብስኩት ታቀርባለች።

ነገሩን አስረዳሁ፤ በቅደም ተከተል፣ ሳልጮህ። ቀና ብላ ያየችኝ አንዴ ብቻ ነው፣ ቢንያም መናገሩን ስነግራት። ቢንያም? አለች፣ ደስ ብሏት። ለኔ ጉዳይ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ከዚያ፣ ጋሼ ይለፉት፣ አለች፤ ስም ተልኳል፣ ለት/ቤቱም ክብር ነው፣ እሱ ወጣት ነው፣ ይደግ። እኔስ፣ አደግሁ? «በድጋፍ ሰጪነት» የምስክር ወረቀት እናዘጋጅልዎ፣ አለች።

ድጋፍ ሰጪ። የገዛ ትምህርቴ ደጋፊ።

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። መወርወር አምሮኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ማለዳ

ኅዳር ሚካኤል። ከተማው በየግቢው ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ጢሱ አገሩን ሞልቶታል። ዓይኔ ያለቅሳል፤ ጢሱ ጥሩ ሰበብ ነው።

ባለቤቴ ቅጠሉን እየቆሰቆሰች፣ ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሰምታ ስለሰለቻት፣ ጠየቀችኝ። «ቆይ፣ አንተ የምትፈልገው ሻሸመኔ መሄድ ነው ወይስ ልጁ እንዳይሄድ?»

ሁለቱንም፣ አልኩ። ለአንተ አልዋሽም፣ ለእሷም አልዋሸሁም። በሸሚዙ እቀናለሁ። በእንግዶቹ ሳቅ እቀናለሁ። በቢንያም ሁለት ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ እቀናለሁ።

«ሁለቱንም ከሆነ ማን እንደሚሻል በምን ታውቃለህ?» ብላ ጢሱን ሸሽታ ገባች።

ልክ ናት። ያን ሐሙስ ማንም አልተፈተነም፤ እሱ በኔ ክፍል ገባ፣ እኔ አልነበርኩም። የኔ ልጆች የሚያውቁትን መለሱ እንጂ እሱ ማስተማሩ አልታየም። የኔም ማስተማር አልታየም።

ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት

ጻፍኩት። ሰኞ ጠዋት ለወ/ሮ ሰናይት በእጅ እሰጣለሁ፣ አስፈርሜ። እዚህ የማስቀምጠው እንዳልለሳለስ ነው።

አንደኛ፣ «በራሳቸው ጥረት» የሚለው ሐረግ ከማስታወቂያው ይሰረዝ፣ የ11ኛ ሐ መምህር ማን እንደሆነ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የምስክር ወረቀቱን አልፈልግም። ሦስተኛ፣ ያው የጥንድ ስሞች ትምህርት ይደገም። በ11ኛ መ፤ እኔም እሱም አስተምረናቸው በማናውቅ ልጆች። ግማሹን ክፍል እሱ፣ ግማሹን እኔ። ቀኝ እጅ ግራ እጅ የለም፤ ተማሪዎቹን የሚጠራው ተመልካቹ ይሁን፣ ከኋላ ወንበር ጀምሮ። የተሻለው ሻሸመኔ ይሂድ።

እሱ ሊሆን ይችላል። ይህንንም አውቄ ነው የጻፍኩት። ከበለጠኝ ፊቴ ይብለጠኝ፤ እኔ በሌለሁበት፣ በኔ ልጆች አፍ አይደለም።

መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ ለዚህ ጥያቄ «ይደገማል» ወይም «አይደገምም» የሚል መልስ፣ ከነምክንያቱ፣ በጽሑፍ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም።