በረንዳ ላይ የተማርኩት ፒፓ

ረቡዕ፣ ሰኔ ፱

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ከኀፍረት በቀር ደህና ነኝ።

የላይኛዋ ጎረቤታችን ሳትቀድመኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ራሴው ልንገርሽ፦ እናትሽ ፒፓ ማጨስ ጀመረች። አትሳቂ! ባለፈው ሳምንት ሴትየዋ የታጠበ ልብሷን ልትሰበስብ ወጥታ በረንዳችን ላይ ፒፓውን አፌ ውስጥ አየችው። «ውይ፣ እርስዎም?» አለችኝ። ኩም አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ትምባሆ ሽታ ስነጫነጭ የሰማችኝ እሷ ናታ።

በስልክ «አባትሽ ደህና ነው» የምልሽ ውሸቴን ነው። ከሦስት ወር ወዲህ አያውቀኝም። ሶፋ ይሠራበት በነበረው ቤት አዲስ የተቀጠርኩ ተለማማጅ እመስለዋለሁ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክብሪት አላስይዘውም፤ ትምባሆው ሲሸተው ግን ይረጋጋል፣ እህልም ይቀምሳል። ሐኪሙም «በዚህ ዕድሜው አይከልክሉት» አለኝ። ስለዚህ ፒፓውን የምሞላውም የምለኩሰውም እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን ጭሱን ወደ ውስጥ ማግሁትና ዓለም ዞረችብኝ። አባትሽ ከት ብሎ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው!

«አይዞሽ፣ ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው» አለኝ። «ሶፋ እንደ መሙላት ነው። ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ። ካጨቅሽው አየር አያሳልፍም። ለኩሺው፣ በሚስማር አናት ጫን አድርጊው፣ ደግመሽ ለኩሺው። ጭሱን አፍሽ ውስጥ ያዝ አድርገሽ ልቀቂው እንጂ አትዋጪው። ፒፓው ከጋለብሽ አስቀምጪውና ጨዋታሽን ቀጥይ።» ያን ሁሉ ሲናገር አንዲት ቃል አልጠፋችውም።

ትናንት ዝናብ ጀመረና እንግባ ስለው ክንዴን ያዘኝ።

«ወደ ውስጥ እንዳታስገቢው። ባለቤቴ ሽታውን አትወድም።»

«ክፉ ናት እንዴ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩት እንጃ።

«ኧረ እሷስ ደግ ናት። አንዳንዴ ብቻ በሩን ከውስጥ ትቆልፍና ትረሳኛለች። ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ አላንኳኳም።»

ልጄ፣ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። እያወቅኩ ነበር የምቆልፈው። አንቺ ትንሽ ሆነሽ «እማዬ፣ አባዬን ዝናብ እየመታው ነው» ስትዪኝ «ተዪው፣ ሽታው ይለቀዋል» ያልኩሽን ታስታውሺው ይሆን? እኔ ትናንት አስታወስኩት። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ይቅርታ ልበለው ብል ማን ይቅርታ እንደጠየቀው አያውቅም።

ዛሬ ሳሎን አስገብቼ አስቀመጥኩት። መጋረጃው ይሽተት፣ ገደል ይግባ። እሱ ግን ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቅል አለ።

«ፈቅዳለች እኮ» አልኩት።

«አንቺ አዲስ ነሽ፣ አታውቂያትም» አለኝ።

የአንቺን ድምፅ አሁንም ይለያል። እባክሽ እሑድ ስትደውዪ አንቺ ንገሪልኝ። «እማዬ ፈቅዳለች» በይው።

ጤና ይስጥሽ፣ የወጣሽበትን ያሳካልሽ። በደጅ የሚያቆምሽ አይዘዝብሽ።

እናትሽ